ልጆች ይዞ ቤት መከራየት፦ ያየሁትና የጠቀመኝ

በአዲስ አበባ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ከዋጋው በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል፦ «ስንት ናችሁ?» መልሱ «ባልና ሚስት» ከሆነ ወሬው ይቀጥላል። «ከነልጆቻችን» ስትሉ ግን በሩን የከፈተው ሰው ድምፅ ይለወጣል። «እስቲ ባለቤቴን ላማክር» ይላል፤ ወይም ቤቱ «ትናንት ተይዟል» ይባላል። በሳምንቱ ያንኑ ቤት ቴሌግራም ላይ ከነፎቶው ታገኙታላችሁ፤ ከሥሩ «ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት» የሚል ተጨምሮበታል።

እኔ በዚህ አልፌ ዛሬ ከሦስት ልጆቼ ጋር ደህና ቤት ውስጥ እኖራለሁ። በመካከሉ ያየሁትን ብነግራችሁ የታክሲ ገንዘባችሁና ትንሽ እንባችሁ ይተርፍ ይሆናል።

ሳሪስ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ኖረናል። ትልቁ ልጄ የተወለደው እዚያ ነው፤ የግቢው ባለቤቶችም እንደ ልጅ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ጥር 2016 ላይ ልጃቸው ትዳር ሊይዝ ስለሆነ ቤቱ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩን። ቅሬታ የለኝም፤ ቤታቸው ነው። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። የትምህርት ዘመኑ ገና እኩሌታው ላይ ነው፤ ልጄ ሁለተኛ ክፍል፣ ታናሽ እህቱ ደግሞ ሦስት ዓመቷ። በዚያው ሰሞን የፒያሳና የሌሎች የመሃል ከተማ ሰፈሮች ቤቶች እየፈረሱ ስለነበር ቤት ፈላጊው በዝቷል። ፈላጊ ሲበዛ አከራይ ይመርጣል፤ ሲመርጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቀረው ልጅ ያለውን ነው። አንድ ደላላ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ እያለ «ላጤ ብትሆኚ ዛሬ ማታ አስገባሽ ነበር» አለኝ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ግድግዳ ይሞነጭራሉ፣ ውኃ ይጨርሳሉ፣ አበባ ይቀጥፋሉ፣ ቀን ቀን እረፍት ይነሳሉ። አንዲት ሴትዮ «ከውሻዬ ጋር አይስማሙም» አሉን። ውሻውን አየነው፤ ተኝቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እኛ ባልና ሚስት ስለነበርን የቀለለልን መሆኑን መናገር አለብኝ። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የሥራ ባልደረባዬ ከ«ስንት ናችሁ?» ቀጥሎ «ባልሽስ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይጠብቃታል። ለዚህኛው ምን ብትመልስ እንደሚሻላት እስከ ዛሬ አላወቀችም።

በመጨረሻ አንድ ደላላ መላ አመጣልን። «እህቴ፣ ትንሿን ዘመድ ጋር አድርጊያትና ግቢ። አንዴ ከገባሽ ማን ሕፃን ያስወጣል?» አለኝ። ጀሞ አካባቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት «አንድ ልጅ ነው ያለን» ብለን ተከራየን፤ ልጄን ኮልፌ የባለቤቴ እህት ዘንድ አስቀመጥናት። ቆየት ብለን «የእህቴ ልጅ ናት፤ ለጥቂት ቀን መጥታ ነው» ብለን ወደ ግቢው አስገባናት። ልጄን «ሰው ከጠየቀህ የአክስቴ ልጅ ናት በል» ብለን አስጠናነው። እሷን ግን ማን ያስጠናታል? አንድ ጠዋት አከራያችን ግቢ እየጠረጉ «የኔ እናት፣ እማዬ መቼ ነው መጥታ የምትወስድሽ?» ብለው ጠየቋት። ልብስ ወደማሰጣው ወደ እኔ በጣቷ እያሳየች «ይቻት!» አለቻቸው።

ሴትዮዋ አልጮኹም። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡና «ሁለት ልጅ ስላለሽ አይደለም። ነገ ደግሞ ምን እንደምትደብቂኝ እንዴት አውቃለሁ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የጽሑፍ ውል ስላልነበረን ወሩ ሲያልቅ ዕቃችንን ጭነን ወጣን፤ ለደላላው የከፈልነውም ቀለጠ። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ልጄ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ ሰው «ስንት ወንድምና እህት አለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከመመለሱ በፊት ፊቴን ያይ ነበር።

ስለዚህ ደላላ «ደብቁ» ሲላችሁ አትስሙት። እሱ ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በየማለዳው ልጅ «ዝም በል» እያላችሁ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ። ቤቱን ሳታዩ፣ ታክሲ ሳትሳፈሩ፣ በስልክ ገና የልጆቻችሁን ቁጥርና ዕድሜ ተናገሩ።

ዓይኔን የገለጡልኝ አየር ጤና አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸውም «ልጅ ላለው አላከራይም» አሉን። ድካሙ አናደደኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ልጅ ይጠላሉ?» አልኳቸው። ሳቁና ገብተው የመብራትና የውኃ ክፍያ ደረሰኞች የታጨቁበት ፌስታል ይዘው ወጡ። ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሦስት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የውኃም ሆነ የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ መለኪያ ዋጋም አብሮ እየጨመረ የሚሄድ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። በየወሩ የሚመጣውን ሂሳብ በነፍስ ወከፍ ያካፍላሉ፤ ጠቡ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። «ላጤው ‹ሕፃን እንደ ሰው ይቆጠር› ይላል፤ እናቲቱ ‹ሕፃን ምን ያህል ውኃ ይጠጣል?› ትላለች። የሕፃን ልብስ በቀን ስንቴ እንደሚታጠብ የማየው እኔ ነኝ። እኔ በስተርጅና ዳኛ መሆን ሰለቸኝ» አሉኝ።

እኔም «ለእኛ ቤት ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በራሳችን ወጪ ብናስገባስ? በቆጠረው ልክ እንከፍላለን» አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። ቤቱን ቀድመው ለሌላ ሰው ቃል ገብተውበት ስለነበር አልሆነልንም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አነጋገሬ ተለወጠ። «ልጅ አንፈልግም» ሲሉኝ ፊቴን አጥቁሬ መሄድ ትቼ «ምን አስቸግሯችሁ ነው?» ብዬ እጠይቅ ጀመር። የሚገርማችሁ፣ አብዛኞቹ ከእኛ በፊት ስለነበረው ተከራይ ነበር የሚነግሩኝ፤ ቧንቧ ከፍቶ ስለሄደ፣ በር ሰብሮ ስለወጣ ቤተሰብ። ስለ እኛ ልጆች የሚያውቁት ነገር የለም። የሚፈሩት ነገር በስም ከተጠራ መፍትሔ ይፈለግለታል። ለሂሳቡ ቆጣሪ አለው፤ ለግድግዳው ቀለም አለው። «የልጅ ድምፅ አልወድም» ለሚል ሰው ግን ምንም የለውም፤ አመስግናችሁ ሂዱ። እንዲህ ያለው ሰው ቢቀበላችሁ እንኳ ልጆቻችሁ በእግር ጣታቸው እየሄዱ ነው የሚያድጉት።

አንድ ሌላ ፍርሃት አለ፤ ማንም በአፉ አይናገረውም። ላጤ ኪራይ ሲጨመርበት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ግን ይከራከራል፣ ይለምናል፣ ሽማግሌ ይልካል፤ በዓመት ሁለቴ ዋጋ መጨመር ለሚፈልግ አከራይ አይመችም። «ልጅ ያበላሻል» ከሚሉት ውስጥ ይህን የሚያስቡ ብዙ ይመስሉኛል።

ሰኔ 2016 ላይ የምንኖርበትን ቤት አገኘን፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ልጅ ያላችሁ ከግቢ ቤት ይልቅ ኮንዶሚኒየም ፈልጉ የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የውኃውም የመብራቱም ቆጣሪ የየቤቱ ስለሆነ በሂሳብ የሚጣላችሁ የለም። ሁለተኛ፣ ላይኛውን ፎቅ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ውኃው ግፊት ስለሚያንሰው ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ ደረጃውም ያደክማል። አከራዩ ተከራይ ባጣ ቁጥር ልጆቻችሁ እየቀለሉት ይሄዳሉ። ዋጋው ግን በጉልበት ይከፈላል፤ ባለቤቴ ስንት ጀሪካን አራት ፎቅ እንዳወጣ እሱና ጉልበቱ ያውቃሉ። ሕፃን ካላችሁ ደግሞ ከመፈራረማችሁ በፊት የበረንዳውን ብረት ክፍተትና የደረጃውን መደገፊያ በእጃችሁ ነቅንቃችሁ እዩ። የእኛው ሰፊ ክፍተት ስለነበረው ሳንገባ በሽቦ አሳጠርነው።

የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ናት፤ የምታከራየው እህቷ ናት። ልጆቹን ይዘናቸው ሄድን። ደላላው ቢቆጣም እኔ አልተውኳቸውም። ሴትዮዋ ግድግዳውን ነበር የምታየው፤ በቅርቡ አስቀብተውታል። ባለቤቴ «ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ በራሴ ወጪ የዘይት ቀለም እቀባዋለሁ፤ ቢሞነጭሩትም በጨርቅ ይለቃል። ስንወጣ ደግሞ ሁሉንም አስቀብተን እናስረክባለን» አላት። ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲፈታ አየሁት። እሷ ባለችበት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በር፣ መስኮትና ቧንቧ በስልክ ፎቶ አነሳን፤ የሻወር ቤቱ መስታወት ቀድሞ ተሰንጥቆ ስለነበር እሱንም። ፎቶዎቹን ለእሷም ላክንላት። ያን ቀን ደስ አላላትም፤ በኋላ ግን መስታወቱን አስመልክቶ ጥያቄ ሲነሳ ወደ ፎቶው ተመልሳ አይታ ዝም አለች።

ከመግባታችን በፊት ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን እናት አንኳኩቼ ልጆቼን አስተዋወቅኋቸው። «የሚረግጡት በእርስዎ ጣሪያ ላይ ነው፤ ሲበዛብዎ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ለአከራይ አይንገሩብኝ» አልኳቸው። አንዴ ብቻ ነው የመጡት፤ እሱም በልጆቹ ሳይሆን በእኔ ነው። ማታ ማታ በሙቀጫ ቡና ስወቅጥ ቤታቸው ይንቀጠቀጥ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የምወቅጠው ከቀትር በፊት ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ከሁሉ የጠቀመን እሱ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፀደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን ማለፍ አይችልም። እኛ የተስማማነው በወር 14,000 ብር ነበር። ሴትዮዋ «ውሉ ላይ 8,000 እንጻፍ፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጡኛላችሁ፤ ግብሩ ይቀልልናል» አለች። ብዙ ሰው እሺ ይላል። እኛ እንቢ አልን፤ ቤቱን እናጣዋለን ብዬ ልቤ ሲመታ ነበር። አስቡት፦ በእጅ የሚሰጠው 6,000 ብር ነገ 9,000 ቢሆን በምን ወረቀት ትከራከራላችሁ?

እንቢ ያላልነው አንድ ነገር ነበር። ውሉ ላይ «የነዋሪዎች ብዛት፦ 4» የሚል መስመር ገባ። ልክ ነው፣ አራት ነበርን፤ ፈረምን። ወረዳ ሄደንም መታወቂያችንንና የቤቱን ማስረጃ አቅርበን አስመዘገብነው።

በ2017 ሦስተኛ ልጅ ፀነስኩ። ሆዴ ሲታይ ሴትዮዋ ለኪራይ ጉዳይ እንደመጣች አድርጋ መጣች፤ ሻይ ጠጣች፤ ከዚያ ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ያችን መስመር አሳየችኝ። «የተዋዋልነው ለአራት ሰው ነው። አምስት ከሆናችሁ 3,000 ብር ጨምሩ፣ ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ» አለች። ስምንት ወሬ ነበር። ያን ምሽት ባለቤቴ «እንክፈላት፣ አንቺ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነሽ ቤት አንፈልግም» አለ። እኔም ለመክፈል ተቃርቤ ነበር። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ለልጅ 3,000 ከከፈልኩ፣ እናቴ ልታርሰኝ ስትመጣስ?

ጠዋት ውሉንና የባንክ ደረሰኞቹን ይዘን ወረዳ ሄድን። ወረፋ ጠበቅን። የቤቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ውሉን አገላብጣ አየችውና የመዝገብ ቁጥሩን ፈለገች። «የሁለት ዓመት ውል ነው፤ ገና አላለቀም። ኪራይ በሰው ቁጥር አይጨምርም፤ በዓመት አንዴ በሚወጣው ነው የሚሄደው» አለችን። ለሴትዮዋ ስልክ ደወለችላት። ስልኩ ላይ የተባባሉትን ሁሉ አልሰማሁም፤ «እሺ፣ እሺ» የሚለውን ግን ሰማሁ። ደረሰኞቹ ባይኖሩ፣ ወይም ውሉ ላይ 8,000 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ምን እንል እንደነበር አላውቅም።

ሁሉም ነገር በዚያ ተፈታ ብዬ አላታልላችሁም። ሴትዮዋ ለወራት ሰላምታችንን አትመልስም ነበር። «ልጆቻችሁ ጎረቤት ያውካሉ የሚል አቤቱታ አስገባለሁ» የሚል መልእክትም ላከችልን። ያን ጊዜ የጠቀሙን የሦስተኛ ፎቋ እናት ናቸው፤ «እኔን ማን ጠየቀኝና? ካስፈለገ ወረዳ ድረስ እሄዳለሁ» አሉ። መልእክቷን አላጠፋሁትም፤ እናንተም እንዲህ ያለውን አታጥፉ፤ በቁጣም አትመልሱለት። ልጄ ተወልዳ በክርስትናዋ ቀን ለሴትዮዋ ጥሪ ላክን። አልመጣችም፤ ዳይፐር ግን በሰው ላከች። ሰው እንዲህ ነው።

ልጅ ልትወልዱ የምታስቡ ከሆነ ታዲያ የነዋሪ ቁጥር የምትል መስመር ውላችሁ ውስጥ አታስገቡ። «ተከራይና ቤተሰቡ» ተብሎ ይጻፍ። አከራዩ ቁጥር ካልተጻፈ አልፈርምም ካለ ደግሞ «በወሊድ የሚጨመር ልጅ ኪራይ አያስጨምርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስከትሉበት። ይህን ሲነበብለት የሚያንገራግር አከራይ አሳቡን ቀድሞ ስለነገራችሁ ውለታ ውሎላችኋል።

ባለሙያዋን ከመውጣታችን በፊት ያንን የድሮውን ነገር ጠይቄያት ነበር፤ ገና በር ላይ «ልጅ አላችሁ» ብሎ የሚመልሰንን ሰውስ? «ውል ይዘሽ ስትመጪ ነው የምረዳሽ፤ ውል ሳይኖር ማንን ልጥራልሽ?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ግን ያስከፋል። አንድ ሰው ቤቱን ለሕፃናት መንፈግ እንዲህ ሳይሸሽግ በማስታወቂያ ሲጽፍ ማንም ቅር የማይለው መሆኑ እኔን አሁንም ያናድደኛል። የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው ልጆች አሏቸው፤ ብዙዎቹም በኪራይ ቤት ያደጉ ናቸው።

ውላችን በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ያበቃል። ሴትዮዋ ታድሰዋለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን በተስፋ ብቻ ስላልተቀመጥኩ ከወዲሁ ቤት እጠይቃለሁ። ስደውል የምለው ይህን ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባልና ሚስት ነን፤ ዘጠኝ፣ አምስትና አንድ ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች አሉን። ቆጣሪ ከሌለው እናስገባለን፤ ስንወጣ አስቀብተን እናስረክባለን፤ ውሉን ወረዳ እናስመዘግባለን። የአሁኗን አከራያችንንና የሥር ጎረቤታችንን ስለ እኛ መጠየቅ ይችላሉ።» አንዳንዱ ሳልጨርስ ይዘጋብኛል። ትናንት አንዱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አንድ ዓመት የሆነው ይራመዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና ነው» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን እናያለን፤ ሁላችንም ነን የምንሄደው።